ከድልድዩ በላይ የነበሩ ኮከቦች

ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለኝ ነበር፤ ይህንንም የተማርኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ዘይነባ ከወሎ ወርዳ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስድስት አልጋ ያላት ሆቴል ከፍታ ነበር። እንግዳ በገባ ቁጥር በዓይኗ ትመዝነዋለች። ብዙ የሚጠይቅ እንግዳ የሌላ ሰው ጆሮ ነው፤ ምንም የማይጠይቅ ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው፤ በልኩ የሚጠይቅ ከተገኘ ደግሞ እሱ ሠልጥኖ የመጣ ስለሆነ ከሁሉም ይብሳል ትል ነበር። ያኔ ወታደር የጫነ ባቡር ወደ ምሥራቅ የሚጋዝበት፣ ቀበሌው በየግቢው ያደረውን ሰው ስም የሚመዘግብበት ዘመን ስለነበር፣ እናቴን አጋነንሽ ያላት ሰው አላስታውስም።

ጋሽ ወንድይራድ ግን ከሦስቱ ለአንዱም አልገጠሙላትም። ደጋ ተወልደው ዱብቲ የጥጥ እርሻ ላይ ለብዙ ዓመት መሬት ቀያሽ ሆነው የሠሩ፣ እርሻው ሲወረስ ሥራቸውን የለቀቁ ሰው ነበሩ። ፈረንጅ አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ነገር ትቶላቸዋል፤ አንድ የሩቅ ማያ መነጽርና ስለ ከዋክብት የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ። በእነዚህ ላይ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ጨምረው የጓሮዋን ክፍል ተከራዩ። ሲመጡ ለአንድ ሳምንት ነው ብለው ነበር፤ እኔ የማወራለት ጊዜ ሲደርስ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

እናቴን ያስጠረጠራት ጥያቄያቸው ሳይሆን ልመናቸው ነበር። መግሪብ ተሰግዶ፣ በግቢው መሐል የከሰሉን ምድጃ ከበን ስንቀመጥ፣ «ዘይነባ፣ እባክሽ የፋኖሱን ክር ዝቅ አድርጊልኝ፤ ብርሃኑ ኮከቦቹን ይውጥብኛል» ይላሉ። እናቴ ክሩን ዝቅ እያደረገች ወደ ጆሮዬ ትጠጋና «ወላሂ፣ ጨለማ የሚፈልግ ተረት ሰምቼ አላውቅም» ትለኛለች። ፋኖሱ ሲደበዝዝ የከሰሉ ፍም ይቀላል፤ የጋሽ ወንድይራድ ፊት ከታች በኩል ብቻ ይታያል፤ ከጣቢያው በኩል የባቡር ጭስና የዘይት ሽታ ይመጣል፤ ያኔ ተረቱ ይጀመራል።

ተረታቸው አንድ ብቻ ነበር። በየምሽቱ እየቀጠሉት፣ አንዳንዴም ወደኋላ እየተመለሱ እያረሙት፣ ያንኑ ይነግሩን ነበር። አንድ ትልቅ ደመና ነበር፤ ከደመናው ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ተወለዱ። እናታቸው አንድ፣ የልደት ቀናቸው አንድ፣ ሠፈራቸው አንድ፤ የተለያዩት በክብደት ብቻ ነው። ትልልቆቹ በሰማያዊ ብርሃን ቦግ ብለው ነደዱ፤ መካከለኞቹ ቢጫ ሆነው በዝግታ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ቀላ ብለው፣ መኖራቸው እንኳ እስኪያጠራጥር ድረስ ተቆጥበው። ትልልቆቹ ቀድመው አለቁ።

ከተረቱ ጋር መጀመሪያ የተጣላው ሁመድ ነው። ሁመድ ከወንዙ ማዶ ቅቤና ፍየል እያመጣ ለእናቴ የሚሸጥ የአፋር ሰው ነበር፤ ለማንም ሰው «እርስዎ» ብሎ አያውቅም፤ ለሊቀመንበርም ለሕፃንም «አንተ» ነው።

«ውሸት ነው» አለ አንድ ምሽት፣ በእንጨት ጫፍ ፍሙን እየነካካ። «ትልቅ ግንድ እስኪነጋ ያድራል። ጭራሮ ነው ቶሎ የሚያልቀው። አንተ ገለበጥከው።»

ጋሽ ወንድይራድ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰሉ። «የአሰብ መንገድ መኪናዎችን ታውቃለህ አይደል? ተሳቢ ያለው ትልቁ መኪናና ሞተር ብስክሌት ሁለቱም ታንካቸውን ሞልተው እኩል ከዚህ ቢነሱ፣ ነዳጅ የሚበዛው የማን ነው?»

«የትልቁ።»

«ቀድሞ መንገድ ላይ የሚቆመውስ?»

«እሱው ትልቁ፤ ብዙ ይጠጣል» አለ ሁመድ። ከዚያ ያንን የማይቀር ጥያቄውን ጠየቀ። «አየህ ወይስ ሰማህ?»

ይህ ጥያቄ የዳጉ ጥያቄ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳያስቀሩ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ የሚባለው ይህ ነው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ለይተህ ማቀበል ግዴታህ ነው። የተሳሳተ ወሬ ያቀበለ ሰው ደግሞ ስህተቱን ያወቀ ቀን፣ የነገራቸውን ሰዎች ተከታትሎ ማረም አለበት። በዚህ መንገድ አንድ ወሬ ከአዋሽ ተነሥቶ አዳይቱ፣ ከአዳይቱ ዱብቲ ሳይበላሽ ይደርስ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከሬዲዮው ይልቅ ይታመን እንደነበር ብናገር ዛሬ የሚከሰኝ ያለ አይመስለኝም።

«ሰማሁ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ኮከብ ሲያረጅ ያየ ሰው የለም፤ የሰው ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች በአንድ ቀን የተወለዱትን አንድ ላይ ያያሉ። አንድ ሽማግሌና አንድ ሕፃን ባይ፣ የለያያቸው ዕድሜ ይሁን ምግብ አላውቅም። መንትዮች ከሆኑ ግን ዕድሜን ከጥርጣሬዬ አወጣለሁ፤ የቀረው ክብደት ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ቤተሰብ ሄጄ ማን እንደጎደለ እቆጥራለሁ። ሰማያዊዎቹ ካሉ ቤቱ ገና ልጅ ነው፤ ከሌሉ ሰንብቷል።»

«እንደተሰማ እይዘዋለሁ» አለ ሁመድ፣ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገና ሲመሽ፣ ከእነዚህ ቤተሰቦች ሁለቱ በምሥራቅ በኩል ይወጣሉ። አንዱ እፍኝ የሚሞላ የተሰበሰበ ሰማያዊ ጭላንጭል ነው፤ ሁለተኛው ከሥሩ፣ የበሬ ፊት የሚመስለው፣ ቢጫ ቢጫ ያሉ ኮከቦች የሞሉበት። በበሬው ፊት ላይ አንዲት ቀይ፣ ከሁሉም የደመቀች ኮከብ አለች። እሷን የእኔ ናት ብዬ መርጫት ነበር። የዚያ ሁሉ ቤተሰብ ታላቅ እህት ትመስለኝ ነበር።

ለጋሽ ወንድይራድ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰዓዳ፣ እሷ የቤቱ አይደለችም። ለእኛ ቅርብ ናት፤ እነሱ ከኋላዋ ርቀው ነው ያሉት። በዓይናችን መንገድ ላይ ስለቆመች ነው ከመሐላቸው የመሰለችው።»

«በምን ታወቀ?»

«አብራቸው አትሄድም። ቤተሰቡ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ይጓዛል፤ እሷ በራሷ መንገድ ናት።»

እኔ ኮከቦች ሲጓዙ አይቼ አላውቅም። ያቺን ኮከብ የወሰዱብኝ ያህል ተሰማኝ፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮም በእናቴ ዓይን አያቸው ጀመር። መነጽራቸውን የሚያነሡት ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ አለ፤ በገደሉ ላይ ደግሞ ወታደሮቹ የሚያልፉበት የባቡር ድልድይ አለ። እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ይለካሉ። ከዚያ ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብለው ነጥብ ያኖራሉ፤ ትልቅ ነጥብ፣ ትንሽ ነጥብ፣ በሰማያዊ እርሳስ፣ በቀይ እርሳስ። ከመሐላችን የተቀመጡት፣ ከቤታችን ያልሆኑት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው ወጣት ማኅበር ሕፃናትን ሰብስቦ ሰልፍና መዝሙር ያስተምረን ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ አስተማሪው «በዚህ ሳምንት ነቅታችሁ ምን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌሎቹ ልጆች የጠፋ ዶሮና የሰከረ ሾፌር ነበር ያዩት። እኔ እጄን አወጣሁ።

«እኛ ግቢ ያሉት ሰውዬ በየምሽቱ ወደ ድልድዩ እያዩ ነጥብ ይጽፋሉ» አልኩ።

አስጨበጨበልኝ። በሚቀጥለው ሰልፍ ባንዲራውን የምይዘው እኔ እንድሆንም ወሰነ። አንዲትም ውሸት አልጨመርኩም፤ ሁሉንም በዓይኔ ያየሁት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ጋሽ ወንድይራድን ከነመነጽራቸውና ከነደብተራቸው ወሰዷቸው። እናቴ አልጮኸችም፤ የጓሮዋን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠችና ቁጭ አለች። በዚያ ወራት ወደ ቀበሌ የሄደ ሰው አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ልብሱ ብቻ ይመለሳል። ሰላይ ያስጠለለ ቤት ምን እንደሚደርስበትም ይታወቃል። እኔ ባንዲራዬን እያሰብኩ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ማክሰኞ እናቴ ተጠራች፤ እኔንም ይዛ ሄደች። ሁመድ ሰምቶ ኖሮ ማንም ሳይጠራው ከኋላችን ተከተለ። «ተረቱን ሰምቻለሁ። የሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም» ነው ያለው።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ባቡር ላይ ትኬት ይቆጣጠር የነበረ ሰው ነው፤ ከዚያ ሥራ የተረፈው አመል ሰው ሁሉ ያለ ትኬት የተሳፈረ እንዲመስለው ያደርግ ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ጋሽ ወንድይራድ ጥግ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ ቀን ተኩል ጢማቸው ሸብቶ አገኘሁት፤ ወይም ሽበቱ ነበረና እኔ አላስተዋልኩትም።

«ጓድ ዘይነባ፣ ይህ ሰው የቤተሰብሽ አባል ነው?»

እናቴ ወደ ጥጉ አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠረጠረቻቸው ሰው ናቸው። «የእኔ ሰው ናቸው» አለች።

«እንግዲያው የአንቺ ሰው የሳለው ይህ ካርታ ምንድን ነው? ይኼ የድልድዩ ዘብ መብራት አይደለም?»

ሁመድ መለሰ። «ያየሁትን ልንገርህ ወይስ የሰማሁትን?»

«አንተን ማን ጠራህ?»

«ያየሁትን ልንገርህ። ይህን ደብተር አይቻለሁ፤ ሰማዩንም አይቻለሁ፤ አንድ ናቸው። አላመንከኝም? ፀሐይ ልትገባ ነው። ውጣና እየው።»

ሊቀመንበሩ ማንንም የማያምን ሰው ስለነበር ወጣ። እንግዲህ ጋሽ ወንድይራድን ያተረፋቸው የሰውዬው ደግነት ሳይሆን ጥርጣሬው ነው፤ ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆመን እስኪመሽ ጠበቅን። ሰማዩ ጠቆረ፤ ያቺ እፍኝ የምታህል ጭላንጭል ከአጥሩ በላይ ታየች። ሊቀመንበሩ በመነጽሩ እያየ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ደብተሩን በፋኖስ ብርሃን ይዞለት፣ እንደ ተሳፋሪ ይቆጥራቸው ጀመር።

«ደብተሩ ሠላሳ አንድ ይላል። እኔ ያገኘሁት ሃያ ስምንት ነው። ሦስቱ የት ሄዱ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ በደከመ ድምፅ። «ክንድዎን ግድግዳው ላይ ያስደግፉት። ፋኖሱንም ያርቁልዎት።»

አስደገፈ። ፋኖሱ ራቀ። «ሃያ ዘጠኝ… ሠላሳ…» አለና ክንዱን ግድግዳው ላይ እንደገና አደላደለ። እናቴ እጄን አጥብቃ ስለያዘችኝ ጣቶቼ ደነዘዙ። «አለች» አለ በመጨረሻ፣ ትኬቷን እንዳገኘላት ሁሉ።

መነጽሩን ግን አላወረደም። እያየ፣ ኮከብ መቁጠር ምን እንደሚጠቅም ጠየቃቸው፤ ጋሽ ወንድይራድም ተረቱን ከደመናው ጀምረው ነገሩት። ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሰሙ።

«ስለዚህ ትልልቆቹ ናቸው ቀድመው የሚያልቁት?» አለ ሊቀመንበሩ።

በዚያ ዓመት ከእኛ በላይ ካሉት የትምህርት ቤት ክፍሎች ጎበዝ ጎበዞቹ እየጎደሉ ነበር፤ ግማሹ ወደ ጦር ግንባር፣ ግማሹ ሰው ወደማይጠይቀው ቦታ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

«ይኼን ለሕፃናት አትንገር» አለ። ደብተሩን መለሰላቸው። መነጽሩ ለአብዮቱ ሥራ እንደሚያስፈልግ ገልጾ አስቀረው፤ ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ከቀበሌው ግቢ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ያዩት ብዙዎች ናቸው።

በማግስቱ ምሽት ምድጃው ዙሪያ እንደገና ተቀመጥን። እናቴ ፍሙን እያራገበች «የተናገረባቸውን ሰው ባወቅሁ» አለች። ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። እኔ ላይ ሊደርስ ሲል አፌ ቀደመኝ።

«ወይንሸት ናት።» ወይንሸት የጣቢያው ዘበኛ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ነበረች።

ሁመድ ቀና ብሎ አየኝ። «አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ጋሽ ወንድይራድ እጃቸውን ዘርግተው የፋኖሱን ክር ራሳቸው ዝቅ አደረጉት፤ ፊቴ ከሰው ዓይን ጠፋ። «እንደተሰማ እንያዘው፣ ሁመድ» አሉ። «ሰዓዳ፣ የት ላይ ነበር ያቆምነው?» የት እንዳቆምን በደንብ ያውቁ ነበር። ሌላውንም ነገር ያውቁ እንደነበር ያኔም ገብቶኛል።

እናቴ ግን የዳጉን ሕግ አልተቀበለችም። ወይንሸት ከዚያ ቀን በኋላ ግቢያችን ገብታ አታውቅም፤ ለምን እንደሆነም ማንም አልነገራትም። ቤተሰቧ ከከተማው እስኪለቅ ድረስ በመንገድ ሳገኛት አንገቴን እሰብር ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ወደ ዱብቲ ተመልሰው እዚያው አረፉ፤ ደብተራቸውን ለእኔ ትተውልኛል። እናቴም የተናገረችው ወይንሸት ናት ብላ እንዳመነች ሞተች።

እኔ ዛሬ ሰመራ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያኔ ሰመራ ገና ከተማ አልነበረችም፤ አሁን የመንገዱ መብራት ኮከቦቹን ይውጣል። ተረቱ እውነት እንደነበር፣ ቀይዋ ኮከብም በእርግጥ የቤቱ እንዳልነበረች ከተማርኩ ቆየሁ። ከአፋር ተማሪዎቼ አንዱ በየዓመቱ አይቀርም፤ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኮከብ ሲያረጅ አየሽ ወይስ ሰማሽ?» ይለኛል። ሰማሁ እለዋለሁ፤ እሱም እንደተሰማ ይይዘዋል።

የተሳሳተ ወሬ ያቀበለ ሰው ተከታትሎ ማረም አለበት ብያለሁ። ያቀበልኳቸው ሁሉ አልፈዋል፤ ወይንሸት ግን በሕይወት ካለች ይህን ታነብ ይሆናል። አልሰማሁም፣ ወይንሸት። አይቻለሁ። እጇን ያወጣችው እኔ ነበርኩ።