የጤነኛው ደም

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ቆጣሪዋ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ነጭ የደም ሕዋስ ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። ቆጠራ መሀል ያናገራት ሰው፣ ወዮለት!

በሃያ ሁለተኛው ዓመቷ የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆነው ዶክተር አንድ ጥናት ጀመረ። ድባቴ ካለባቸው ሰዎች ግማሾቹ የሐኪም ክኒን ይውጣሉ፤ ግማሾቹ ከቅጠል የተዘጋጀ ጠብታ ይወስዳሉ። ጥያቄው፣ ሁለቱ መድኃኒቶች በሽታ ተከላካይ ሕዋሶችን ያደክማሉ ወይስ ያበረታሉ ነው። ቆጣሪዋ ደሙ ላይ እርሾ ጠብ ታደርግና ከመቶ ሕዋስ ስንቱ እርሾውን እንደዋጠ ትቆጥራለች። ማነጻጸሪያው የጤነኛ ሰው ደም ነው። እዚያ ቤት ደግሞ ጤነኛ ሲፈለግ ሩቅ አይኬድም፤ ከሠራተኛው አንዱ እጅጌውን ይሰበስባል። እሷም «እኔ ምን ጎደለኝ!» ብላ ክንዷን ሰጠች።

የጎደላትንስ ታውቀዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር ብሎ፣ ያንኑ ክኒን ከቦርሳዋ እያወጣች በድብቅ ትውጣለች። «ነካ አርጓታል» እንዳይሏት ፈርታ ለእህቷ እንኳ አልተነፈሰችም። አንዲት ፍሬ ክኒን ደግሞ ምን ታመጣለች፣ አለች በልቧ፤ ያን ያህል ዘመን የሠራች ባለሙያ ሆና!

ሦስት ወር ቆጠረች። የክኒን ወሳጆቹና የጤነኛው ደም ቁጥር ገጠመ። ዶክተሩ ደስ ብሎት «ክኒኑ ሕዋሶቹን ምንም አላደረጋቸውም» ብሎ ሊጽፍ ሲነሳ ክው አለች። ለካ ክኒን ከክኒን ጋር ነው ሲመዛዘን የከረመው! ዝም ብትል፣ ያልተጣራ ነገር በእሷ እጅ ለሕመምተኛ ሊደርስ ነው። ብትናገር ገመናዋ ይወጣል፣ የሁሉም ልፋት ገደል ይገባል። ሁለት ቀን ይህን ስታወጣ ስታወርድ ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የዶክተሩን ክፍል በር ከኋላዋ ዘጋች።

«ዶክተር፣ ያ የጤነኛ ደም ልክ አይደለም። ክኒኑን እኔም እወስዳለሁ።»

አልተቆጣም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። እንባዋ መጣ፣ ግን ቀለል አላት። እንደገና እንጀምራለን፣ ደሙን ከእኔ ይውሰዱ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌውን ስታዘጋጅ ግን እጅጌውን ቀስ ብሎ መልሶ አወረደው።

«የኔም አይሆንም፣ እትዬ» አላት።

ከመስኮቱ ውጭ ዘበኛው እያፏጨ ግቢውን ይጠርጋል። ቆጣሪዋ፣ እሱን ልጥራው ወይ አለች።

«ይጥሩት» አለ ዶክተሩ፤ «ግን በሩን ዘግተው ይጠይቁት።»