በባለቤቴ ፈንታ የመለስሁት

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ባለቤቴ እንጦጦ ራጉኤልን ለመሳለም ስትወጣ ዳገቱ ትንፋሽ ስላሳጠራት ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ራጅ ስትነሣ ሳንባዋ ላይ ነጠብጣቦች ታዩ።

ሐኪሙ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። «እትዬ፣ ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገው ያውቃሉ?» ሲላት፣ ቀድሜ «የለም» አልሁ። በዕጢ ምክንያት ማኅፀኗ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ያንን ቃል በተማሪዬ ፊት ማንሣት አሳፈረኝ። እርሷም እንዳታዋርደኝ ብላ ዝም አለች። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ስድስት ወር ሙሉ የማያስፈልጋትን መድኃኒት ዋጠች። እኔም ብርጭቆዋን ለየሁባት።

ነጠብጣቦቹ አልጠፋ ሲሉ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እርሱም ለብቻዋ ሲጠይቃት እውነቱን ነገረችው። ከሳንባዋ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ ነጠብጣቦቹ ከዚያው ከማኅፀኗ ዕጢ የመጡ መሆናቸው ታወቀ፤ ካንሰርም ተላላፊም አልነበሩም።

በታክሲ ስንመለስ ላምበረት አካባቢ፣ «ክኒኑን አብረኸኝ ብትውጥ ኖሮ በሳምንትህ ትናገር ነበር» አለችኝ።

ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ። ተሳፋሪው ይሰማናል ብዬ አሁንም ዝም አልሁ።