ጣሪያ ላይ የዋልኩበት ገና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኳቸው ኃጢአቶች ሁሉ ደህና ደህናዎቹ ናቸው፤ የሚሰማቸው ሰው "ማን ያላደረገው አለ" ብሎ የሚያልፋቸው። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ሌላው ጥፋት ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ስለ ሹሙ ስግብግብነት፣ ስለ ምሁሩ አድርባይነት፣ ስለ ጎረቤቴ የበግ አመራረጥ እንኳ ሳይቀር። የራሴን አንዲት ከሰዓት በኋላ ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ አልፌአታለሁ። እናም አንባቢዬ፣ ዛሬ የንስሐ አባቴ አንተ ነህ። መስቀል አያስፈልግህም። "እግዚአብሔር ይፍታህ" ለማለት እንዳትቸኩል ብቻ አደራ።

ሥራዬ ሲነገር ትንሽ ነው። በገና ዕለት አንቴና አዞርኩ።

ሰፈራችን እንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት ነበር። "ድሮ ፍቅር ነበር" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ይህችን አባባል ተቃውሜ ብዙ ቀለም አፍስሻለሁ። ሆኖም ታኅሣሥ ሲጋመስ ከባሕር ዛፉ ውስጥ የሚወርደው ብርድ ሲነካኝ እኔም እንደ ሰው ልቤ ይባባል። የእናቴ የገና ዛፍ ትዝ ይለኛል። የጽድ ቅርንጫፍ ነው፤ አፈር በተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ይተከልና እናቴ ጥጥ ትበትንበታለች። በረዶ መሆኑ ነው። እኛ የምናውቀው በረዶ ነሐሴ ላይ ጣሪያ የሚደበድበውን እንጂ ዛፍ ላይ ተኝቶ የሚያምረውን አልነበረም። በዚያ ጥጥ ስንት ጊዜ አላግጫለሁ! ዛሬ አንድ ጭብጥ ባገኝ ግን ኪሴ እከተው ነበር።

ቴሌቪዥን የነበረው እኛ ቤት ነው። ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በአዘቦት ቀን ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፣ በበዓል ዳንቴሉ ይነሳና ሰፈሩ ይሰበሰባል። አባቴ እንግዶቹን እንደ ትልቅ ሰው ሠርግ በየማዕረጋቸው ያስቀምጣል፤ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ፣ ሴቶች አግዳሚው ላይ፣ ልጆች ቄጠማው ላይ። ተራራው ሥር ስለሆንን ሥርጭቱ በደንብ አይደርሰንም ነበር። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣና አንቴናውን ያዞራል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እህቴ ሰናይት በር ላይ ቆማ የቤቱን ጩኸት ለእኔ፣ የእኔን ለቤቱ ታቀብላለች።

ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው ግቢ እትዬ ጫልቱ ይኖራሉ። ባላቸው ቀድሞ ሞቷል። ከሁለት ላሞቻቸው ወተት እያለቡ ለሰፈሩ ይሸጣሉ። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከላሞቻቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ሲቆጡ ግን እኛንም ላሞቹንም በኦሮምኛ ነው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ግርማ። ግርማ ጓደኛዬ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙ ጊዜም አንድ መጽሐፍ እየተቀባበልን ነው ያደግነው። ልዩነታችን እኔ መጽሐፍ ስጨርስ ለሰፈሩ ሁሉ አወራለሁ፤ እሱ ሲጨርስ መልሶ ሌላ ይዋሳል።

የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ትምህርት ቤታችን ለበዓል በሚቀርብ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተጋበዘ። የሚቀርበው አንድ ተማሪ ነው። ማጣሪያው ላይ እኔና ግርማ እኩል ወጣንና አስተማሪያችን አንድ መለያ ጥያቄ ጠየቁን። "ለፀሐይ በጣም ከምትቀርበው ፕላኔት..." ሲሉ "ሜርኩሪ!" ብዬ ጮህኩ። አስተማሪው በትዕግሥት ጨረሱት፤ "...ቀጥላ የምትገኘው ማን ናት?" ግርማ ዝቅ ባለ ድምፅ "ቬነስ መሰለችኝ" አለ። መሰለችኝ! እርግጠኛ እንኳ ባልሆነ ሰው ተሸነፍኩ። እኔ ተጠባባቂ ተባልኩ። ውድድሩ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ሲቀረጽ ስቱዲዮ ሄጄ ተመልካቾች መሃል ተቀመጥኩ። ተጠባባቂ ማለት ተመራጩን ጉንፋን እንዲይዘው የሚጸልይ ሰው ነው። ግርማን ጉንፋን አልያዘውም።

በዚያው ሰሞን እናቴ እራት ላይ እንዲህ አለች፦

"የጫልቱ ዓይን አልሆነም። ሐኪሙ ያለቀው አልቋል፣ የቀረውንም ብዙ አናቆየውም ብሏታል። 'ልጄን በቴሌቪዥን ልየው እንጂ ከዚያ በኋላ እሱ ያውቃል' ብላ አስለቀሰችኝ።"

አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር። እንጀራዬን እየጠቀለልኩ ሰምቻለሁ።

የገና ዕለት ቤታችን ጢም አለ። እትዬ ጫልቱ አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ። አባቴ ቦታ ቢያሳያቸው እምቢ አሉ፤ ዱካ አንስተው ቴሌቪዥኑ ሥር፣ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግተው ተቀመጡ።

"ኧረ ጫልቱ፣ ሳጥኑ ውስጥ ልትገቢ ነው እንዴ?" አላቸው አንዱ ጎረቤት።

"ልጄ ከገባ እኔ ምን አግዶኝ!" አሉ። ቤቱ ሳቀ። ግርማ አፍሮ ከበሩ ኋላ ተሸጎጠ።

ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል ነፋሱ ተነሳ። እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ በሜዳው ላይ ቆልማማ ዱላ ይዘው ገና የሚጫወቱትን ልጆች አያለሁ፣ ከሥሬ ደግሞ የቤቱን ድምፅ በቆርቆሮው በኩል እሰማለሁ። የአንቴናውን ብረት ትንሽ ወደ ከተማው ዞር አደረግሁት።

"መጣ! መጣ!" አለች ሰናይት። "ጥርት አለ! እንዳትነካው!"

አልነካሁትም። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ። አስተዋዋቂው የተወዳዳሪዎቹን ስም ይጠራ ጀመር። የግርማ ስም ሲጠራ ቤቱ እልል አለ። እትዬ ጫልቱ "የታለ? የቱ ነው?" ሲሉ ይሰማኛል። አንዱ "ቆይ፣ አሁን ያሳዩታል" ይላቸዋል። በዚህ መሃል የአባቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

"ልጅ ማለት እንዲህ ነው! የኛማ ተጠባባቂ ይኸው ጣሪያ ላይ ቀረ!"

ሳቁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሰናይት ሳቀች። ምናልባት እትዬ ጫልቱም ፈገግ ብለው ይሆናል፤ አላየሁም። ቀልድ ነበር፣ ያውም መጥፎ ያልሆነ ቀልድ። እኔ ግን አዞርኩት። "እጄ ሄደ" ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ሰረዝኩት። እጅ ብቻውን የትም አይሄድም። አንቴናውን ወደ እንጦጦ፣ ምንም ወደሌለበት ወደ ባሕር ዛፉ አዞርኩት።

"ሄደ! ሄደ! ጉንዳን ወረረው!" ሰናይት ጮኸች። "መልሰው! ወደ ቀኝ!"

"ይሄው ወደ ቀኝ!" አልኩ ወደ ግራ እየገፋሁ።

"አሁንስ?" አልኩ ደግሜ።

"ኧረ ባሰበት!"

ምስሉ ሲጠፋ ድምፁ አልጠፋም። ግርማ ሲመልስ ሰማሁት። አንዱን መለሰ፣ ሌላውን መለሰ። በእያንዳንዱ መልስ ቤቱ ይጮሃል፤ በእያንዳንዱ መልስ እኔ ብረቱን አጥብቄ እይዛለሁ። እትዬ ጫልቱ "ኧረ በማርያም! ትንሽ ብቻ! ፊቱን ብቻ!" እያሉ ይለምኑ ነበር። ማንን? ነፋሱን ይመስላቸው ነበር። እኔን ነበር የሚለምኑት።

ከዚያ ግርማ ራሱ ወጣ። ግቢው መሃል ቆሞ ወደ ላይ ቀና አለ።

"ዳኜ፣ ተወው በቃ። ውረድ፣ ይበርድሃል።"

ያኔ መመለስ እችል ነበር። ጭብጨባው ገና አልመጣም፣ የመጨረሻው ጥያቄ ገና አልተጠየቀም። ፊቱን እያየሁት "ቆይ፣ ትንሽ ልሞክር" አልኩት። የቆየሁት ግን እንዲያልቅ ነው። ጭብጨባው ተሰምቶ ሲያበቃ ብረቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ቤቱ "መጣ!" አለ። የመጣው እስክስታ ነበር፣ ቁልጭ ብሎ።

ወርጄ ስገባ እትዬ ጫልቱ ሁለት እጆቼን ያዙ። በረዶ ሆነዋል። ወደ አፋቸው አስጠግተው በትንፋሻቸው ያሞቋቸው ጀመር።

"ለኔ ብለህ እንዲህ ትሁን! ለወንድምህ ብለህ! እጅህ ይባረክ። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል።"

"አሜን" አልኩ።

አይበቃቸውም ነበር። ግርማ በኋላ ውድድሩ የተቀረጸበትን ካሴት ሊጠይቅ ስቱዲዮ ሄዶ ሌላ ተቀድቶበታል ተብሎ ተመለሰ። በሚቀጥለው ገና እትዬ ጫልቱ ወደ ደጃፋቸው የሚመጣውን ሰው በእርምጃው ነበር የሚለዩት።

ብዙ አንብቤአለሁ፣ ንባብ ደግሞ ለሰበብ ይመቻል። ስለ ወጣትነት ቅናት፣ ስለ አባት ቃል ጉዳት፣ በሰው ፊት መዋረድ ልብ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ጥሩ ጥሩ ነገር ማለት እችላለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለት ገጽ ጽፌ ነጻ አወጣው ነበር። ግን ጣሪያው ላይ የነበረው ሌላ ሰው ነው? በቀዝቃዛ ብረት ላይ ያን ያህል ደቂቃ እጁን ያቆየ ሰው ተናዶ ነው ይባላል? ንዴት አንዴ ይገፋና ያልፋል። እኔ እየሰማሁ፣ እያወቅሁ፣ እየተለመንኩ ነው የያዝኩት።

ዛሬ ግርማ መሐንዲስ ነው። መሪ የሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ እናቱን ይዞ ይኖራል። በየገናው እሄዳለሁ። እትዬ ጫልቱ ድፎ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ለእንግዳው ሁሉ ያቺኑ ታሪክ ያወራሉ፤ "ይህ ልጅ ልጇን ላሳያት ብሎ ብርድ ሲገርፈው ዋለ፤ ነፋሱ እምቢ አለው እንጂ" ይላሉ። ከዚያ እጄን ፈልገው ይይዙና ይመርቁኛል። እኔም በየዓመቱ "አሜን" እላለሁ። አሁን ሳስበው አንቴናውን ካዞርኩት ይልቅ ይህ አሜን ይከፋል። አንቴናውን ያዞርኩት አንዴ ነው።

አምና ምርቃቱን ጨርሰው እጄን ሳይለቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ዳኜ፣ አንተ ሲቀረጽ ነበርክ አይደል? ምን ይመስል ነበር? እሱን ስጠይቀው 'ፈርቼ ነበር፣ ምንም አላስታውስም' ይለኛል።"

"ቆየ እኮ እትዬ፣ እኔም ረሳሁት" አልኩ።

ፈራሁ። ማውራት ከጀመርኩ ወሬው ጣሪያው ላይ የሚያደርሰኝ መሰለኝ። እናም ያንኑ ልጅ ከዚያችው እናት ዳግመኛ ደበቅሁት። በዚህኛው ጊዜ የሚሳለቅ አባት አልነበረም። ብርድም አልነበረም። ሆዴ በዶሮ ወጥ ሞልቶ፣ ጸጉሬ ሸብቶ ነው ያደረግሁት።

ይህን የጻፍኩት ዘንድሮ ዳቦው ሳይቆረስ በፊታቸው ላነበው ነው። ግርማም ይሰማል። ከዚህ በታች ያለው ለእሳቸው ነው፤ አንባቢዬ፣ ከፈለግህ አብረህ ስማ።

እትዬ ጫልቱ፣ አልረሳሁም። ግርማ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ክራባቱ የአስተማሪያችን ስለነበር እምብርቱን አልፎ ወርዷል። መብራቱ ስለሚያቃጥል ግንባሩ ያብለጨልጭ ነበር። መዳፉን ከጠረጴዛው ሥር በሱሪው ይጠርጋል። ጥያቄ ሲጠየቅ እርስዎ ወተት ሲሰፍሩ እንደሚያደርጉት ከንፈሩን ገጠም ያደርጋል፣ ከዚያ ነው የሚመልሰው። አንዱን ሲስት አልደነገጠም፤ ፈገግ አለ፣ በግራ ጉንጩ በኩል ብቻ። ሲያሸንፍ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ እኔም ተነስቻለሁ፣ አላጨበጨብኩም። እሱ ግን እኛን አላየንም። ካሜራውን ፈልጎ አገኘና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ተወዳዳሪዎቹ ሳቁበት፣ ማንም እንዲህ አላደረገምና። ለማን እንደሆነ እኔ ገብቶኝ ነበር። እርስዎ ቴሌቪዥኑ ሥር እንደሚቀመጡ ያውቅ ነበር።

ያን እጅ መንሳት ነፋሱ አልወሰደብዎትም። እኔ ነኝ የወሰድኩብዎት። ዘንድሮ አይመርቁኝ።