ቆጣሪው ማንን ጠቀሰ?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ከደምበጫ ተነስቼ አባየን ልጠይቅ ማርቆስ ገባሁ። አባየ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ገና ሳልቀመጥ «የመብራቱ ካርድ ሞላሁት ስል ያልቃል። ይኸ ቆጣሪ ሌባ ነው!» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ስለ ቆጣሪ በቅርቡ የሰማኋት ነገር ነበረችኝ። እጃቸውን ይዤ በረንዳ ላይ ቆጣሪው ሥር አቆምኳቸው።

«አባየ፣ ይችን ቀይ መብራት ያዩዋታል? ብዙ ስንጠቀም ቶሎ ቶሎ ትጠቅሳለች፤ ትንሽ ስንጠቀም ቀስ ትላለች።»

«ትጠቅሳለች?» አሉ እየሳቁ። «ማንን ነው የምትጠቅሰው? ዳዊትን ነው ጳውሎስን?»

የቅኔ ሰው እንዲህ ነው... ስለ ዓይን ጥቅሻ ስታወራው የመጽሐፍ ጥቅስ ያመጣብሃል።

ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። የበረንዳውን አምፖል አጠፋሁ። ልጆች ሳለን ይህ የእማየ ሥራ ነበር። ከክፍል ክፍል እየዞረች ታጠፋና «ሰው ለሌለበት መብራት ምን ያደርጋል?» ትለን ነበር። ያኔ እንዴት ታናድደን እንደነበር! አሁን ያቺ ቁጣዋ ናፈቀችኝ።

ቀይዋ መብራት ግን አሁንም ትጣደፋለች።

«ሌላ የተሰካ ነገር አለ?»

አባየ ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩ። ድምፅ ተከትዬ ጓዳ ገባሁ። የእማየ አሮጌ ፍሪጅ እያጓራ ነው። የበሩ ላስቲክ ስላለቀ አይገጥምም፤ በእማየ ሻሽ ታስሯል። ፈታሁት። ከአንዲት የኢንሱሊን ብልቃጥ በቀር ውስጡ ባዶ ነው... ፍሪጁ የተገዛው እማየን ስኳር ሲይዛት፣ ለመድኃኒቷ ነበር። እማየ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል።

«አባየ... ይኸ እኮ...»

«አውቃለሁ ልጀ። እጀ አልነቅል ብሎኝ ነው።»

እንባዬ መጣ። «ይተዉት በቃ፣ እንደተሰካ ይቆይ» አልኩ። ቆጣሪ የሚባል ነገር በማንሳቴ ራሴን ረገምኩ።

እሳቸው ግን በረንዳ ወጥተው ያችን ቀይ መብራት ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ሶኬቱን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ብልቃጧን በሻሹ ጠቅልለው ራስጌያቸው አኖሯት። ጓዳው ጸጥ አለ።

አብረን ወጥተን ቆጣሪውን አየን። መብራቷ አንዴ ብልጭ ትላለች... ትቆያለች... ደግሞ ብልጭ።

«አሁን ጥቅሱ ገባኝ» አሉ።

«ማንን ነው የጠቀሰችው? ዳዊትን?»

«እናትሽን ነዋ! 'ሰው ለሌለበት መብራት ምን ያደርጋል' ትል አልነበር?»