ከአጥር ወዲያ ያለው ኮባ

እናቴ ሐዋሳ የገባችው «እስከ መስቀል» ብላ ነው። ገና ከአውቶቡስ ሳትወርድ፣ ገና ሳልስማት፣ «መስቀልን ግን አገሬ ነው የምውለው» አለችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ልላት የከፈትኩት አፌ ተናዶ «እሺ፣ መጀመሪያ ውረጂ!» አላት። እኛ እንደዚህ ነን። ስንዋደድም በቁጣ ነው።

አባቴ ያረፈ ዓመቱ ነው። እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። ጎጃም ያለው ቤታችን ውስጥ እናቴ ለብቻዋ ቀርታ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ በሩን ቀርቅራ እንደምትተኛ ሰው ነግሮኝ ነበር። ራት መብላት ትታለች አሉ፤ ለአንድ ሰው ምን ወጥ ይሠራል ትላለች አሉ። እኔ ደግሞ እዚህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ ጓሮ ይዤ እንደዚያው ለብቻዬ። እሷ እዚያ ብቻዋን፣ እኔ እዚህ ብቻዬን፣ ምን የሚሉት ነገር ነው? እንድትቀርልኝ ፈለግሁ። ግን እናቴን ቅሪ ብሎ የሚለምናት ሰው ጓዟን እንደሚያስጠቀልላት አውቃለሁና ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ጓሮዬ ያኔ ጓሮ ለመባል አይበቃም። አንድ አቮካዶ አለ፣ የቀረው አረም ነው። በማግስቱ ስነሳ እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ አረሙን እየነቀለች እኔን ታማለች። የምታማኝ ለአቮካዶው ነው።

«ይሄን የመሰለ መሬት አስቀምጣ ጎመን ከገበያ! ደመወዝተኛ መሆን እኮ ነው!»

«እማዬ፣ እሰማሻለሁ።»

«ስሚያ! እንድትሰሚ ነው።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ያማሩ ናቸው፤ ምንም የተለየ ነገር አልሆነባቸውምና። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሌሊት ይዘንብና ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ይወጣል። መሬቱ በእጅ ቢዝቁት ዱቄት ነው። ጎመን ዘራን፣ ቃሪያ አዛወርን፣ በአጥሩ ጥግ ጤና አዳምና በሶብላ ተከልን። የእናቴ ሥራ ከጎመኑ ቅጠል ሥር ትል መልቀም ነበር። እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጣ «እዚህ ነህ? ና ውጣ!» እያለች ስትለቅም እኔ ወንበር አውጥቼ፣ እግሬን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አያታለሁ። መጽሐፍ ይዣለሁ፤ አላነብም። አንዳንዴ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ መጥቶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይቆማል፤ ያን ረዥም አፉን ደረቱ ላይ ጥሎ ቁልቁል ያየናል። «ይሄ ሽማግሌ ሥራ የለውም እንዴ?» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመለስ በረንዳው ላይ ገብተን የበቆሎ እሸት እንጠብሳለን። ወሬ የለም። እሷ የበቆሎውን ፍሬ በጣቷ እየፈለፈለች እኔ እጅ ላይ ታደርጋለች፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ፣ እበላለሁ።

ከሽቦ አጥራችን ወዲያ የሚኖሩት ሴትዮ የሲዳማ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ጋር አይራራቅም፤ እሳቸውም ባላቸው ሞቷል፣ አንዲት ልጃቸውን እዚሁ ቅርብ፣ ቡሹሎ ድረዋል። አማርኛቸው ከገበያ ብዙም አያልፍም። እናቴ ደግሞ ከሲዳምኛ የያዘችው «ዳንቻ» የምትለውን አንዲት ቃል ነው፤ ጥሩ ማለት ነው። ለሁሉም ነገር ዳንቻ ናት። እሳቸው በዚያ ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ፣ እናቴ በዚህ፣ አጥሩ ጋ ይገናኙና እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ያወራሉ። ልተርጉም ብዬ ጠጋ ስል ሁለቱም በእጃቸው ሂጂ ይሉኛል። አንድ ቀን ሴትዮዋ በአጥሩ ላይ ወተት አቀበሉ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፤ እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ አያውቁም። እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ «ዳንቻ!» አለችና አርግታ አስቀመጠችው፤ ጾሙ ሲፈታ ዕቃውን በጎመን ሞልታ መለሰች። ያን ቀን ሁለቱ በምን እንደሆነ እንጃ፣ ሽቦውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሽንኩርቱን ትቼ ቆሜ ሰማሁ።

ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጠዋት ከምትኮተኩተው ቀና ሳትል፣ «መስቀልስ የትም ቢውሉት መስቀል አይደል?» አለች። ልቤ ዘለለ። «እንጃ» አልኩና ወደ ቤት ገባሁ፤ አንድ ቃል ብጨምር አበላሸዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በኮባ ነው። የሴትዮዋ አጥር ጥግ የተሰለፉ እንሰቶች አሉ። ለቡሄ እናቴ ድፎ ስትጋግር ከእነሱ ላይ ሁለት ቅጠል ቆርጠው ሰጥተዋታል፤ እናቴ «ኮባ! ኮባ አላችሁ ለካ!» ብላ ዘመድ ያገኘች ያህል ተደሰተች። በእኛ አገር ኮባ የሚተከለው ለቅጠሉ ነው። ለዳቦ ሲፈለግ ይቆረጣል፤ ማንም ይቆርጠዋል፤ ቢቆርጡት ይበረታል እንጂ ይጎዳል የሚል የለም። ሴትዮዋ በሳህን ያቀመሷት የቆጮ ቂጣ ከዚያው ተክል የወጣ መሆኑ በሕልሟም አልመጣላትም። እኔም አልነገርኳትም፤ የምታውቅ መስሎኝ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሴትዮዋ ልጃቸውን ሊጠይቁ ቡሹሎ ሄዱ። ዶሮዎቹን አደራ ብለው የግቢውን ቁልፍ ለእናቴ ሰጡ። እኔ ገበያ ውዬ በባጃጅ ስመለስ እናቴ በረንዳው ላይ የኮባ ቅጠል ከምራ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ታንጎራጉራለች። ቅጠሉ ብዙ ነው። ቀና ብዬ ወደ አጥሩ ሳይ ትልቁ እንሰት የለም። ግንዱ ብቻ ራቁቱን ቆሟል።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ለእሳቸው ድፎ ልጋግርላቸው ነዋ! ሲመለሱ ትኩሱን ይደርሳሉ። ለስላሳ ለስላሳውን መረጥኩ፣ ያረጀው ይሰነጠቃል። መሀል ላይ ተጠቅልሎ ያለው ደግሞ እንዴት ያለ ሐር ነው መሰለሽ!»

እንሰቱ የሴትዮዋ እህል መሆኑን፣ ቆጮውም ቡላውም ከዚያ እንደሚወጣ ነገርኳት። እንዴት አድርጌ እንደነገርኳት አላስታውስም፤ መቼም በለስላሳ አፍ አይደለም። እናቴ ጨርቁን ይዛ ቀረች። «ኮባ ይበላል?» አለች።

ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አልጮኹም። እንሰቱ ዘንድ ሄደው የተቆረጠውን አናቱን በመዳፋቸው ነኩት። እኔ አጥሩን አልፌ ሄጄ ልናገር ስል ቀደሙኝ።

«ለልጄ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው፣ አማርኛና ሲዳምኛ እየቀላቀሉ። «ልጄ ጥቅምት ትወልዳለች። ቡላ ከዚህች አወጣለሁ ብዬ ጠበቅኋት። አሁን እንሰቷ ቅጠል ለማብቀል ሥሯ የሰበሰበችውን ራሷ ትበላለች።»

እናቴ ለእሳቸው ዳቦ ልትጋግር አስባ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ምንም አይደለም» አሉ። ገብተው በሩን ዘጉ። እንደዚያ ያለ «ምንም አይደለም» ከስድብ ይከፋል።

የዓመት መለወጫው ዕለት እንደ ለቅሶ ቤት ዋልን። ሊጡ ቦክቷልና እናቴ ዳቦውን ያለ ኮባ ጋገረችው፤ ማናችንም በወጉ አልበላንም። ሴትዮዋ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው ተመለሱ፣ አጥሩ ጋ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። እናቴ ትል ለመልቀም እንኳ ስትወጣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ነው። በመጨረሻ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

«ትኬት ቁረጪልኝ። ሰው አገር መጥቼ ሰው በደልኩ።»

«ሰው አገር ምንድነው? የልጅሽ ቤት ነው!»

«አንቺ ትምህርት ቤት ስትገቢ ከማን ጋር ልውል ነው? ከአቮካዶው ጋር?»

ተነስቼ ገበያ ሄድኩና ትልቅ ድብልብል ቡላ በኮባ አስጠቅልዬ መጣሁ፤ ይሄው፣ እንስጣቸውና ይለቅ አልኳት። እናቴ ቡላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ቡላው ይሰጣል። ይቅርታ ግን ከገበያ አይሸመትም፣ የኔ ልጅ» አለች። ትኬቱን ቆረጥኩ። ስቆርጠው እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ቆራጩ ልጅ ሰው ሞቶባት ነው ብሎ አዘነልኝ።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት ልብስ ሳጥፍ የውጭ በራችን ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። በመስኮት ባይ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ መንገድ ላይ ቆማለች። ያኔ በሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተብሎ ድንጋይ በየደጁ ተከምሮ ነበር። ጎንበስ ብላ ካልተጠረበው ተለቅ ያለውን መረጠች፣ ታግላ አነሳችው፣ ማጅራቷ ላይ አደረገችው። ገባኝ። በእኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ ነው ወደተበደለው ደጅ የሚሄደው፤ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ይቅር ካልተባለ አያወርድም።

በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ደረስኩባት።

«እማዬ! እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም! አያውቁትም እኮ!»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ልጆች ኳሳቸውን አቁመው ያዩናል። ባለ ሱቁ ብቅ ብሏል። እኔ ነኝ ያፈርኩት፤ እሷ የት አየቻቸው? የሴትዮዋን በር በእግሯ መታ መታ አደረገች። ሴትዮዋ ከፈቱ። እናቴን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ፊታቸው ጥቁር አለ። ወደ እኔ ዞሩ።

«የግንብ አጥር ልትሠራ ነው? ሽቦው በቃ አለች? ከእኔ ልትለይ ነው?»

እኔ በአማርኛና በተሰባበረ ሲዳምኛዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ አይደለም፣ አጥር አይደለም፣ ይቅር በሉኝ ማለቷ ነው፣ እርስዎ ይቅር ካላሏት አታወርደውም አልኳቸው። የእናቴ አንገት ሥሩ ተገትሯል። ላቧ መሬት ላይ ጠብ ይላል።

ሴትዮዋ ወደ እናቴ ቀረቡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከእናቴ ላይ አነሱት። ያወርዱታል ብዬ ስጠብቅ የራሳቸው ማጅራት ላይ አደረጉት። እናቴ ፊት ጎንበስ አሉ።

«እኔም ዝም አልኩሽ» አሉ። «ደጅሽ አልመጣሁም። እኔም ይቅር በይኝ።»

«በስመ አብ!» እናቴ ጮኸች። «ኧረ አውርዱ! ኧረ እኔ አፈር ልሁን! አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ፣ ያዢላቸው እንጂ!»

እኔ እስክደርስ ሁለቱ ድንጋዩን ተናጥቀው ደጃፉ ላይ ጣሉት፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ከዚያ ተቃቀፉ። እናቴ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ትላለች፣ ሴትዮዋ በሲዳምኛ የሚሉትን ይላሉ፣ አንዷ የሌላዋን ጀርባ ትደባብሳለች። ሲያለቅሱ ይቆዩና ይስቃሉ።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ጠይቂልኝ» አለች። «ልጃቸውን የሚያርስላቸው ሰው አለ ወይ?»

ጠየቅሁ። እህት የላትም፣ እኔ ብቻ ነኝ አሉ።

«እንግዲያው ስትወልድ ገንፎውን የማገነፋው እኔ ነኝ በያቸው። ያንቺን ቡላም እንወስዳለን። አራስ ሴት በአንድ ሰው አትታረስም።»

ተረጎምኩ። መሀል ላይ ነው የገባኝ። ልጅቷ የምትወልደው ጥቅምት ነው፤ መስቀል ያኔ ካለፈ ይሰነብታል። ሴትዮዋ እናቴን በእጇ ይዘው ወደ ቤት ሲያስገቧት እኔ እዚያው ቆምኩ። ትኬቱስ ልላት አልኩና ተውኩት። የት አባቱ ይግባ ትኬቱ።

እናቴ ከውስጥ ብቅ አለች። «ምን ታለቃቅሻለሽ? ያን ድንጋይ ወደ ክምሩ መልሺ፣ የመንግሥት ነው።»

ጎንበስ ብዬ ላነሳው ሞከርኩ። አልተነሳም። እንደገና በሁለት እጄ ታቅፌ፣ በጉልበቴ ደግፌ አነሳሁት፤ ሁለት እርምጃ ሄጄ አስቀመጥኩት። በእኔ ጉልበት ከበደኝ። እማዬ ለካ መቅረት ይህን ያህል ፈልጋ ነበር።