ዶክተር ኮቫች የስሙን ትርጉም የነገረን ቀን

በቀደም ደሴ ውስጥ በአንድ ቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ መንገድ ላይ አስቆመኝ። የአባቴ ሽታ ነው። ከአባቴ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ፈረንጅ አለ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቴ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ እኔን እየጎተተች ከወግዲ መካነ ሰላም መጠለያ ገባች። ወንድሜ በሳንባ ምች ያቃስታል። ድንኳኑ ሸራና የፋፋ ገንፎ ይሸት ነበር። ገና አረፍ ሳንል አንዲት የአገራችን ሴት የቀጥቃጭ ቤተሰብ መሆናችንን ለየችና ወሬው ተዛመተ፤ እናቶቹ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። ያኔ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሕፃን ይበላል ይባል ነበር። ካድሬው በየስብሰባው «ሙያ ክቡር ነው» ቢልም ሰሚ አልነበረውም።

«ይቺን ጠይብ ከልጆቻችን አርቁልን!» አሉ ከሁሉም አፈኛዋ እትዬ ዘነቡ።

ደጁ ውርጭ ነው። ከወጣን ወንድሜ እንደማያድር በልጅነቴም ገብቶኝ ነበር።

ጩኸቱን ሰምቶ ሐኪሙ መጣ። አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ረጅም የሃንጋሪ ሰው ነው፤ ሁሉም ኮቫች ይለዋል። አስተርጓሚው እያፈረ ነገሩን ሲያስረዳው፣ እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«በአገሬ የዘር ስም ከራስ ስም ይቀድማል» አለ በአስተርጓሚው። «ኮቫች የቅድመ አያቶቼ ስም ነው። ትርጉሙ ብረት ቀጥቃጭ ነው።»

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዘር ይደበቃል እንጂ እንደ ማዕረግ ከፊት አይቀመጥም።

«ወላሂ በሉ፣ ዶክተር! ወር ሙሉ ልጄን መርፌ ሲወጉልኝ የከረሙት በጠይብ እጅ ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ኮቫች ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እሳቸው ጭናቸው ላይ የተቀመጠውን ልጃቸውን አገላብጠው አዩት። ገንፎውን እየላሰ ይስቃል።

«ታዲያ እንዴት ዳነልኝ?» አሉ ለራሳቸው። ሰሌናቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ነይ እቴ፣ ጠጋ በይ። ልጁን ብርድ አታስመቺው።»

ካደግሁ በኋላ እንዳነበብሁት፣ ኮቫች በሃንጋሪ እንደኛው ከበደ የበዛ ስም ነው፤ ቃሉም ጥንት ከስላቭ ጎረቤቶቻቸው የተዋሱት ነው። ለእነሱ ተራ ስም ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወንድሜ ዳነ፤ አባቴም ተመለሰ። በመስከረም ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበኝ ሲወስደኝ፣ «የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ካሉሽ ገበሬ በይ» ብሎ መከረኝ። መዝጋቢው ሲጠይቀኝ «ብረት ቀጥቃጭ» አልሁ። አባቴ ክው አለ። ከዚያ እሳት የለበለበውን እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ትከሻዬ ላይ አሳረፈው።