ቱንቢዬ፣ ሶላቴና የማያዎች ግንብ

ሜልበርን፣ ካርልተን ሰፈር ሥራ የጀመርኩ ለት አለቃዬ ፍራንክ ቱንቢ አስያዘኝና "ዓይንህን አትመን፤ እሷን እመን" አለኝ። ገመድ ላይ የተንጠለጠለች ሹል ብረት ናት፤ ግንቡ ቀጥ ማለቱን የምትናገር። ወሎ ከአባቴ ጋር ስገነባ አውቃታለሁ፤ እንግሊዝኛው ነው የጠፋኝ።

ፍራንክ ጣልያን ነው፤ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ሲጠግን ነው ያረጀው። የአሱር ሶላት ሲደርስ ጃኬቴን አነጥፍና መካ ወዳለችበት፣ ፀሐይዋ ወደምታዘቀዝቅበት ዞሬ እሰግዳለሁ። እሱም "በዚያ በኩል ድንጋይ እንዳትከምሩ!" እያለ ሠራተኛውን ይቆጣል።

ጡረታ ሊወጣ ሲል "ጉልበቴ ሳይከዳኝ ሜክሲኮ ሄጄ የጥንቶቹን ማያዎች ግንብ ማየት አለብኝ፤ አንተም ትመጣለህ" አለና ትኬት ቡክ አደረገ። ወላሂ፣ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ!

ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቅ ቤት የሚኖሩት የአባቴ ወዳጅ ጋሼ ሰይድ ግን ከፋቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለ እሳቸው ዱዓ መንገድ ወጥቼ አላውቅም።

"ጣዖት ሲመለክበት የኖረ ቦታ ምን ልትሠራ?"

"ድንጋዩን ለማየት ነው፣ ጋሼ።"

"ሶላትህን አበላሽተህ ብትመጣ ዓይንህን እንዳላየው!"

ዱዓ ሳያደርጉልኝ ሄድኩ።

ሜክሲኮ ጫካ መሀል ግንቡ ብቅ ሲል፣ ሱብሃን አላህ! እንደ ሕፃን ጮህኩ። አስጎብኚው ብረት እንዳልነበራቸው፣ ድንጋይ በድንጋይ እንደጠረቡ ነገረን። ቱንቢዬን ከኪሴ አወጣሁና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከሩቅ የአንዱን በር ጠርዝ ለካሁ። ቀጥ! ፍራንክ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ያንን እጅ የፈጠረውን ጌታ አመሰገንኩ። ግንበኞቹ አፈር ሆነዋል፤ ያመለኳቸውም የሉም፤ እሱ ግን አለ። ኢማኔ ሲጨምር ተሰማኝ።

አሱር ደረሰ። ያኔ ቂብላን፣ የመካን አቅጣጫ፣ የሚያሳይ ስልክ የለም። እንደ ልማዴ ጃኬቴን አንጥፌ ወደ ፀሐይዋ ዞሬ ሰገድኩ። ስጨርስ ፍራንክ ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

"መሐመድ፣ ዛሬ ለማን ነው የሰገድከው?"

ቀና ስል ትልቁ ግንብ ፊት ለፊቴ ተገትሯል!

"ዓለምን ዞረን እኮ ነው የመጣነው። መካ ከኋላህ ናት።"

ያ አላህ! ላብ አጠመቀኝ። ቀጥሎ የራሴም ሳቅ መጣ። ጃኬቴን አዙሬ እንደገና ሰገድኩ፤ ፍራንክም ቱሪስቶች በፊቴ እንዳያልፉ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሜልበርን እንደገባሁ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

"ቂብላህን ያቀናልህ ያ ጣልያን ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በል ጥራው፣ እራት አብረን እንበላለን" አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

ዛሬ ሰንሻይን ዌስት በሚባል ሰፈር አዳዲስ ግንበኞች አሠለጥናለሁ። የምላቸው ይህንኑ ነው፦ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ልኩን እንደገና ውሰዱ።